ዕድሜያቸውን ብቻ አትጠይቁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በአንባቢያን ገጻችሁ የወጣ አንድ አስተያየት አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊው አያታቸው ወድቀው ዳሌያቸው እንደተሰበረ ይናገራሉ። ከዚያም «ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሰው ቢላዋ ባይነካው ይሻላል፤ ቤት አስተኝቶ መጦር ነው» ብለው ሌላውን ይመክራሉ። ሐዘናቸው ከልብ ይሰማኛል። ምክሩ ግን ሰው ይጎዳል።

እኔ ጎንደር ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። አጥንታቸው የተሰበረ ሕሙማን በሚተኙበት ዋርድ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። ክረምት ሲገባ አረጋውያን ይበዙብናል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። የውስጥ ለውስጥ መንገዱም ድንጋይና ጭቃ ነው። በማለዳ ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ የሚወድቁ አሉ። አብዛኞቹ ግን የሚወድቁት ውጭ አይደለም፤ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ፣ መብራት ጠፍቶ ደፉ ሲያደናቅፋቸው፣ ከመደብ ሲወርዱ። ከቁመታቸው ያልበለጠ አወዳደቅ ነው። አጥንቱ ግን ቀድሞ ሳስቷልና በዚያው ይሰበራል።

ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ እኛ አይመጡም። መጀመሪያ ወጌሻ ይጠራል፣ ይታሻል፣ ይታሰራል። ወጌሻን አልንቅም፤ የእኔንም ወለምታ ያሸልኝ ወጌሻ ነው። የዳሌ ስብራት ግን በማሸት አይገጥምም። አንድ ምልክት ልንገራችሁ። የወደቀው ሰው እግር ከሌላው አጥሮ፣ መርገጫው ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ ማንሳትም ካቃተው፣ አትጎትቱት፤ አታሹት። በቃሬዛ አድርጋችሁ ራጅ ወዳለበት ውሰዱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

ሕመምተኛዋ እንደገቡ የሚጠየቀው «ዕድሜ ስንት ነው?» ነው። «ሰማንያ አምስት» ከተባለ የሁሉም ፊት ይለወጣል። የሐኪሙም፣ የቤተሰቡም። «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ያንገላታቸዋል?» የሚል ነገር ይጀመራል። ዕድሜው ራሱ እኮ ግምት ነው! ከእኛ አረጋውያን የልደት ወረቀት ያለው ማን ነው? «ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» ይላሉ። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ተነስተን እንደምራለን። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር እንዲህ የተገኘ ነው። አንዲት እናት ቆመው ይሂዱ ወይስ ተኝተው ይቅሩ የሚለው በዚህ ቁጥር ይወሰናል።

አንዲት እናት ከዓይኔ አይጠፉም። የትኛው ሆስፒታል እንደነበር አልናገርም። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጡ ነበር። ከመውደቃቸው በፊት በነበረው ቅዳሜም ሸጠዋል። ዕቃውን አዝለው፣ በእግራቸው ሄደው። የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ቡናቸውን ራሳቸው ይወቅጣሉ። ካርዳቸው ላይ ግን የነበረው «የ87 ዓመት ሴት፣ የዳሌ ስብራት» ብቻ ነው። ልጆቻቸው «ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሰመመኑን አይችሉትም» ተባሉ። እግራቸው ትራክሽን ላይ ሆኖ፣ ማለትም በክብደት እየተጎተተ፣ ሳምንታት ተኙ። ጀርባቸው ላይ የአልጋ ቁስል ወጣ። ሳል ጀመራቸው። በመጨረሻ ልጆቻቸው በቃሬዛ ይዘዋቸው ወጡ። ክረምቱን አልጨረሱም። ስለ ቅዳሜ ገበያው የጠየቀ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ውሳኔው ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሴት ነበሩ። ስድሳ ስምንት ዓመት። «እሳቸውማ ገና ናቸው» ተብሎ ያለ ብዙ ጥያቄ ወደ ኦፕራሲዮን ገቡ። ከፋሲካ ወዲህ ከደጃፍ ወጥተው እንደማያውቁ፣ ቀሚሳቸውን የምታለብሳቸው ምራታቸው እንደሆነች፣ ምግብ ከተዉ እንደቆዩ ካርዱ ላይ አልነበረም። ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን አእምሯቸው ተወናበደ፣ መብላት እምቢ አሉ፣ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። አስቀድሞ ታውቆ ቢሆን የምናዘጋጅላቸው ብዙ ነገር ነበር።

ከልደት ዓመቱ ይልቅ መታየት ያለበት አቅሙ ነው። በሕክምናው ዓለም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. ሊንዳ ፍሪድ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አምስት ምልክቶች አስቀመጡ። ሳይፈልጉ መክሳት፣ ቶሎ ቶሎ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የአካሄድ መንቀርፈፍ፣ የእንቅስቃሴ ማነስ። ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ ያለበት ሰው አቅሙ ተሟጧል። ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ጉልበት ሰውነቱ ውስጥ አልቀረም። ሌላውን የማይነካው ትንሽ ጉንፋን ወይም አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት እሱን ይጥለዋል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳዊው ሐኪም ኬኔት ሮክዉድና ባልደረቦቻቸው በቀላሉ የሚሞላ የአቅም መለኪያ አወጡ። መጀመሪያ 7 ደረጃ ነበረው፤ ኋላ 9 ሆነ። 1 ላይ ያለው ብርቱ ነው። 5 ላይ ያለው ለገበያና ከበድ ላለ የቤት ሥራ ሰው ያስፈልገዋል። 6 ላይ ያለው ገላውን ለመታጠብም ይቸገራል። 7 ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ ነው። የሚሠራውም ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ማሽን አይፈልግም። የሚፈልገው መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

የዳሌ ስብራት ላይ ሲመጣ ግን አንድ ነገር መጠንቀቅ አለብን። ዳሌያቸው የተሰበረን ሴት «እስቲ ትንሽ ይራመዱ» ማለት አይቻልም። ከወንበር ተነስተው እንዲቀመጡ ማድረግም አይቻልም። አልጋ ላይ እያቃሰቱ ያያቸው ሁሉ ደካማ ናቸው ይላል። ሕመሙ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም። ስለዚህ የሚጠየቀው ስለ ዛሬ አይደለም። ከመውደቃቸው ሁለት ሳምንት በፊት እንዴት ነበሩ? ይህን የሚያህል ጥያቄ የለም።

አጠያየቁም የእኛ መሆን አለበት። ከውጭ የመጡት ቅጾች ስለ ስልክ መደወልና ስለ ባንክ ሒሳብ ይጠይቃሉ። ለብዙዎቹ እናቶቻችን ይህ ምንም አይናገርም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቡና ራስዎ ያፈላሉ? ሙቀጫውንስ ማን ይይዛል? እንጀራ ይጋግራሉ ወይስ ይጋገርልዎታል? ከመቼ ወዲህ? ቤተ ክርስቲያን ብቻዎን ይሄዳሉ? ቅዳሴውን ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው? ባለፈው ሁዳዴ ሰግደዋል?

ከሁሉም የስግደቱን ጥያቄ እወደዋለሁ። ወለል ነክቶ ያለ ሰው እርዳታ የሚነሳ ሰው የጭኑ ጉልበት አለ። አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉትን እናቶች ደግሞ ሰላታቸውን መሬት ላይ ነው ወይስ ወንበር ላይ የሚሰግዱት ብዬ እጠይቃለሁ። «ድሮ መሬት ላይ ነበር፤ ከዓምና ወዲህ ወንበር ላይ ሆነ» ካሉኝ ብዙ ነገር ገባኝ ማለት ነው።

ክብደት ቀንሰው እንደሆነ ስጠይቅ «በምን አውቄው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሚዛን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ መቀነታቸውን እጠይቃለሁ። ድሮ ስንት ዙር ይዞር ነበር? አሁንስ? የእጅ ጭብጥ ደግሞ ተኝተውም ይለካል። መለኪያው ካለ ለሴት ከ16 ኪሎ፣ ለወንድ ከ27 ኪሎ በታች ሲሆን ጉልበቱ ደክሟል ይባላል። ከሌለ እጄን አስጨብጣቸዋለሁ። ከመውደቃቸው በፊት እርጥብ ነጠላ ጨምቀው ያሰጡ እንደነበርም እጠይቃለሁ። እንደ መሣሪያው አይሆንም። ባዶ ካርድ ከመያዝ ግን በብዙ ይሻላል።

ማንን መጠየቅ እንዳለብን ደግሞ ልብ በሉ። አስታማሚ ይቀያየራል። በአምቡላንስ ይዟቸው የመጣው የልጅ ልጅ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የደረሰ ሊሆን ይችላል። በበዓል ካልሆነ አያያቸውም። «ደህና ነበሩ» ይላችኋል። በየቀኑ አብራቸው ቡና የምትጠጣዋ ጎረቤት ግን ሁሉን ታውቃለች። መቼ መደነቃቀፍ እንደጀመሩ፣ መቼ ምግብ እንደቀነሱ፣ ከአሁኑ በፊት ስንት ጊዜ እንደወደቁ ትነግራችኋለች። ቆብ ጭነው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ እማሆይ ሲመጡ ይህ በጣም ያስጨንቀኛል። አጠገባቸው ያለችውን ሌላዋን እማሆይ አፈላልጎ መጠየቅ የግድ ነው። ሲወጡ ማን እንደሚቀበላቸውም ያኔውኑ ይታወቃል።

የማስታወስ ነገርም ከኦፕራሲዮኑ በፊት መታየት አለበት። ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር የማያውቁ እናት ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የማርቆስ ያውቃሉ። ዛሬ የማን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ። ወራቱን ከነሐሴ ወደ ኋላ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት እያሉ እንዲቆጥሩልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካርዱ ላይ ከተጻፈ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲወናበዱ ለውጡን እናያለን። ካልተጻፈ «ድሮም እንዲሁ ናቸው» ተብሎ ይታለፋል።

ስለ መወናበዱ ትንሽ ልበል። ቤተሰብ በጣም የሚደነግጠው በዚህ ነውና። ሌሊት ላይ ይነሳል። የሞተች እህታቸውን ይጠራሉ፣ የሽንት ቱቦውን ይነቅላሉ፣ ልጃቸውን አያውቁትም። ወይም ደግሞ ዝም ብለው ይፈዛሉ፤ ይህኛው ይበልጥ ይሰወራል። ቤተሰቡ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል ልውሰዳቸው ይላል። በእምነታችሁ ጸልዩ፣ ጠበሉንም አምጡላቸው፤ ግን ከአልጋቸው አታንሷቸው። ይህ አቅማቸው የተሟጠጠ ሰዎች ላይ ቶሎ የሚመጣ የሕክምና ችግር ነው። ሕመም ሲጸና፣ ውኃ ሲያንስ፣ ሽንት ሲቋጠር፣ ኢንፌክሽን ሲገባ ይከሰታል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጥ ዲያዜፓምም ያባብሰዋል። አስቀድመን ካወቅን መከላከል እንችላለን። ሕመሙን ለማስታገስ ዳሌው አካባቢ ነርቩን የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣል። መነጽራቸውና መስሚያቸው አይወሰድም። የሚያውቁት ሰው ሌሊት አጠገባቸው እንዲያድር ይፈቀዳል። «አስታማሚ ውጣ» የሚለው ደንብ ለእነዚህ ሰዎች መላላት አለበት ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ።

ከኦፕራሲዮን በፊት ያለው የጾም ጉዳይ ደግሞ አለ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ይታዘዛል። ጠዋት ተረኛ ናቸው። ከዚያ ድንገተኛ ይመጣል፣ ወይ ደም አልተገኘም ይባላል፣ ወይ አጥንቱን የሚይዘው ብረት አልደረሰም። እስከ ማታ በባዶ ሆድ ይቆዩና ለነገ ይባላል። ነገም እንደዚሁ። ጎረምሳ ይህን ይችለዋል። የከሱ አሮጊት ግን በዚህ ብቻ ይወድቃሉ። ደንቡ እኮ እንዲህ አይልም። ጠጣር ምግብ ለኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ደካማ መሆናቸው ካርዱ ላይ ቢጻፍ ከሰልፉ መጀመሪያ ይሆኑ ነበር። ቀኑ ከተራዘመም ወዲያው ሾርባ ይሰጣቸው ነበር። በሁዳዴ እንቁላልና ወተት አልነካም የሚሉም አሉ። እኔ አልከራከራቸውም። የንስሐ አባታቸው እንዲመጡ አስጠራለሁ። ለታመመ ሰው እሳቸው ይፈቅዳሉ፤ እናታችንም ያኔ ይበላሉ።

የምፈራውን አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር አለብኝ። ይህ መለኪያ የመከልከያ ሰበብ እንዳይሆን። «ደረጃቸው 6 ነው፣ ስለዚህ ይቅርባቸው» እንዳይባል። እንዲህ ከሆነ ዕድሜን ትተን ሌላ ቁጥር አመጣን እንጂ ምን ለወጥን? የተሰበረ ዳሌ ካልተጠገነ መገላበጥ ያማል፣ መታጠብ ያማል፣ ፖፖ ላይ መቀመጥ ያማል። ድሮም ብዙ መሄድ የማይችሉ አረጋዊት እንኳ ሕመሙ እንዲቀልላቸው ሲባል ኦፕራሲዮን ሊጠቅማቸው ይችላል። መለኪያው የሚጠቅመው ማን ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልገው፣ የማን መድኃኒት መጠኑ እንደሚቀነስ፣ ማንን ሁለት ሰው ደግፎ እንደሚያነሳው ቀድሞ ለማወቅ ነው። ለማዘግየትም ሰበብ መሆን የለበትም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፕራሲዮኑ በገቡበት ቀን ወይም በማግስቱ ይሁን ይላል። ከኦፕራሲዮኑ ማግስትም ከአልጋ መነሳት ይጀመራል። እኛ ከዚያ ሩቅ ነን። ሩቅ ስለሆንን ነው በመጠበቂያው ጊዜ ማን ቶሎ እንደሚጎዳ ማወቅ ያለብን።

አቅሙ በጣም ላለቀ ሰው ደግሞ እውነቱ ለቤተሰብ ይነገር። ልጆች በሬ ሸጠው፣ ተበድረው ብረት ይገዛሉ። «ይድናሉ አይደል ሲስተር?» ይሉኛል። ኮሪደር ላይ በችኮላ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ይቆማሉ ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል፣ ቤት ሲመለሱ ማን ያነሳቸዋል የሚለው ከፊርማው በፊት ቁጭ ተብሎ መነገር አለበት።

እሳቸውም ይጠየቁ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ብዙ ጊዜ የማይደረግ ነገር ነውና። ወንድ ልጅ ይጠራል፣ አጎት ይጠራል፣ ከእነሱ ጋር ይወሰናል። አልጋው ላይ ያሉት እናት ዝም ብለው ያያሉ። አንዴ አንዲትን እናት ጎንበስ ብዬ «እርስዎ ምን ይሻልዎታል?» አልኳቸው። «ቆሜ ባላስቀድስ ተቀምጬ ላስቀድስ፤ ደጁ ድረስ ካደረሳችሁኝ ይበቃኛል» አሉኝ። ይህ ለሐኪሙም ለፊዚዮቴራፒስቱም ግልጽ ግብ ነው። ካርዱ ላይ ጻፍኩት።

ባልደረቦቼ «ጊዜ የለንም» ይሉኛል። አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ። አንድ ነርስ ስንት ሕመምተኛ እንደምትይዝ አልደብቅም። ግን ይህ ግሉኮስ እየተሰካ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒታሪ ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ የላከ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር መጠየቅ እዚህ ከተማ ውስጥ የቆየ ትምህርት ነው። በየዋርዱ ያሉ ኃላፊዎች አንዲት ገጽ ከካርዱ ጋር እንድትያያዝ ያድርጉ። የመጀመሪያዋ ነርስ ትሙላት፤ ሰመመን ሰጪውና ሐኪሙ ሳያነቧት አይግቡ።

ቤተሰቦችም እኛ እስክንጠይቅ አትጠብቁ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ወድቀው ስታመጧቸው፣ ከመውደቃቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር በወረቀት ጻፉ። ምን ራሳቸው ይሠራሉ፣ በምን ይታገዛሉ፣ ከዓምና ምን ቀነሱ። ከዘራ ይይዙ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደወደቁ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ የደም ግፊቱንም፣ የስኳሩንም። መነጽራቸውን አትርሱ። ወረቀቱን ለነርሷ ስጡና «ካርዱ ውስጥ ይግባልን» በሉ። ሐኪሙ ሕሙማንን ለማየት ሲዞርም ድገሙለት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከጎንደር